ኦቲዝም ከምን ይመጣል?

ኦቲዝም የልጁ አንጎል ገና ከማኅፀን ጀምሮ ከተለመደው በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚታይ፣ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። የሚታወቀው በሁለት ዋና ነገሮች ነው። ልጁ ከሰው ጋር መግባባትና መቀራረብ ይቸገራል፤ አንድን እንቅስቃሴ፣ አንድን ዕቃ ወይም አንድን ልማድም አጥብቆ ይይዛል፣ ይደጋግማል። ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የልብስ ሸካራነት ከሌላው ሰው በላይ ሊያስጨንቀው ይችላል። ከልጅ ልጅ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ አንዱ ጨርሶ አፉን ሳይፈታ ያድጋል፤ ሌላው አቀላጥፎ እያወራ የሰውን ፊት ማንበብ ያቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 ባወጣው ግምት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምልክቱ ቀድሞ የሚታየው በትንንሽ ነገሮች ነው። ዓመት ከመንፈቅ የሞላው ሕፃን ደጅ ላይ ዶሮ ሲያይ በጣቱ ይጠቁማል፤ ወዲያው ዞር ብሎ እናቱን ያያል፤ እሷም እንዳየች ማረጋገጥ ይፈልጋል። ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ዶሮዋን ትክ ብሎ ሊያይ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይጠቁምም፣ ወደ እናቱም አይዞርም። የሚፈልገው ነገር ሲኖር የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ዕቃው ይወስደዋል። ስሙ ሲጠራ ስለማይዞር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጆሮው ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ የጀመሯቸውን ጥቂት ቃላት በሁለተኛው ዓመታቸው ውስጥ ያጧቸዋል። ልጁ ሲናገር ሰምተው ኋላ ዝም ሲል ያዩ ወላጆች በመካከሉ የሆነውን ሁሉ መለስ ብለው መመርመራቸው አይቀርም፤ የመንስኤው ክርክር ግማሹ የተወለደው ከዚህ ምርመራ ነው።

መካነ ብርሃን የጃናሞራ ወረዳ ከተማ ናት። ከደባርቅ የሚነሳው መንገድ የስሜንን ተራሮች በሳንቃበርና በጨነቅ አቋርጦ፣ የቧሂትን ከፍታ ተሻግሮ ይደርስባታል። ከዚህ የምትነሳ እናት ስለ ልጇ ሐኪም ለማማከር መጀመሪያ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መድረስ አለባት። እዚያ እስክትደርስ ድረስ የመንስኤውን ጥያቄ ጎረቤትና ዘመድ መልሰውላታል። ቡዳ በልቶት ነው ይባላል። እርጉዝ ሳለች በቀትር ወንዝ ወርዳ ተለክፋ ነው፣ የቤተሰቡ ዛር ተቆጥቶ ነው፣ የአባት እርግማን ነው፣ እናቱ ንስሐ ያልገባችበት ነገር አለ ይባላል። ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ እምነት ጥንታዊ መዝገብ አላት፤ ፈረንሳዊው የሥነ ሰብዕ አጥኚ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ከተማዋ ውስጥ ከዛር ባለቤቶች ጋር ወራት አሳልፎ ያጠናቀረው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

አስተሳሰቡ የገጠር ብቻ አይደለም። በደጀኔ ጥላሁንና ባልደረቦቹ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሁለት ሆስፒታሎች ዘንድ የመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቋል። ልጆቹ ኦቲዝም ወይም ሌላ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው ነበሩ። ስለ መንስኤው ሲጠየቁ 40.2 በመቶው የመንፈስ ልክፍትን፣ 27.5 በመቶው ኃጢአትን፣ 30.4 በመቶው የጭንቅላት ጉዳትን፣ 25.5 በመቶው የወሊድ ችግርን ጠቅሰዋል። መቶኛዎቹ ሲደመሩ ከመቶ ያልፋሉ። ይህ የሆነው አንዱ ሰው ሁለት ሦስት መንስኤ አንድ ላይ ስለሚይዝ ነው። ምጡ እንደጠናባትና ልጁ ሳያለቅስ እንደተወለደ የምትናገር እናት፣ ምጡ የጠናው መንፈስ ስለያዛት ነው ብላ ልታምን ትችላለች። ስለዚህ የሐኪሙ ማብራሪያ የቄሱን ወይም የአያቷን ማብራሪያ አያስወጣውም፤ ጎኑ ይቀመጣል። ጠበል የሚሄድ ቤተሰብም ከሕክምና የራቀ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ጉዳት የሚመጣው ጠበሉ ክኒንና ክትትል ሲያስቋርጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መንስኤው ኃጢአት ሆኖ ኃጢአቱ በእናት ላይ ሲጫን ነው። በዚያው ጥናት 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 26.7 በመቶው ሊደብቁት እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ የገጠማቸው ይኸው የተደበቀ ልጅ ነበር። እሳቸው ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ፤ በ2021 በኮቪድ እስኪያርፉ ድረስ ልጆቹ ከጓዳ እንዲወጡ ሲታገሉ ኖረዋል።

እናትን መክሰስ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ ምዕራቡም በዚያው መንገድ አልፏል፣ ያውም በሳይንስ ስም። በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሊዮ ካነር በ1943 የ11 ልጆችን ታሪክ ጽፈው ኦቲዝምን ራሱን የቻለ ሁኔታ አድርገው አስተዋወቁ። ጉዳዩ ከልደት ጀምሮ ያለ እንደሚመስል ጽፈው ሳለ፣ ወላጆቹ ልባቸው የቀዘቀዘ መሆኑንም አስተዋልሁ አሉ። ብሩኖ ቤትልሃይም የተባለ ጸሐፊ በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህችን ሁለተኛዋን ሐሳብ ይዞ ልጁ የሚዘጋው እናቱ ስላልፈለገችው ነው አለ። ለዓመታት አሜሪካውያን እናቶች ልጃቸውን ይዘው ሕክምና ሲሄዱ የሚታከሙት እነሱ ነበሩ። ከዚህ መጽሐፍ አስቀድሞ ሐሳቡን የነቀነቀው የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ መንስኤው አካላዊ መሆኑን ሞገተ።

ቁርጡን የለየው ግን በ1977 የሱዛን ፎልስታይንና የማይክል ራተር የመንታዎች ጥናት ነው። ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንታዎች ዘረ መላቸው አንድ ነው፤ ከሁለት ዕንቁላል የተገኙት ግን ከተራ ወንድምና እህት አይበልጡም። ሁለቱም ዓይነት መንታዎች በአንድ ቤት፣ በአንድ እናት እጅ ያድጋሉ። የእናት አያያዝ መንስኤ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ዓይነቶች እኩል በተጠቁ ነበር። ከአንድ ዕንቁላል ከሆኑት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ ከሁለት ዕንቁላል ከሆኑት 10 ጥንዶች በአንዱም አልተገኘም። ቁጥሩ ትንሽ ነበር፤ ኋላ የመጡት ሰፋፊ ጥናቶች ግን አቅጣጫውን አጸኑት። በ2019 የታተመውና በአምስት አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆችን ያካተተው ጥናት በልጆች መካከል ካለው የኦቲዝም ተጋላጭነት ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ በዘር የሚገለጽ ነው ብሏል።

ይህ አኃዝ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይወሰዳል። «በዘራችን እንዲህ ያለ የለም» የሚል አያት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ልጁም በዘረ መል ምክንያት ኦቲዝም ሊኖረው ይችላል። ነገሩ በሁለት መንገድ ይሆናል። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዳቸው እዚህ ግቡ የማይባሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዘረ መል ልዩነቶች በእናትም በአባትም በኩል ተበታትነው ይኖሩና አንዱ ልጅ ላይ ብዙዎቹ ይገናኛሉ። ሁለተኛው፣ በወላጆቹ አካል ውስጥ የሌለ አዲስ ለውጥ የዘር ፍሬው ሲፈጠር ይከሰታል። የአባት ዕድሜ በገፋ ቁጥር እንዲህ ያሉ አዳዲስ ለውጦች ይጨምራሉ፤ በ2006 በእስራኤል የውትድርና ምልመላ መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናትም ከ40 ዓመት በላይ ሆነው የወለዱ አባቶች ልጆች ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ሌላ ፍራጃይል ኤክስ፣ ቱበረስ ስክለሮሲስና ሬት ሲንድረም የተባሉ፣ አንድ ዘረ መል ብቻውን የሚያመጣቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ሁሉም ተደምረው ጥቂቱን ድርሻ ብቻ ይሸፍናሉ። የቅርብ ዘመዳሞች በሚጋቡበት አገር ከእናትም ከአባትም ተደብቀው የሚመጡ ለውጦች ልጁ ላይ ይገናኛሉ። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ በሚጋባው የጎንደር ሕዝብ ዘንድ ይህ በር ጠበብ ያለ ነው፤ ከላይ የተጠቀሱትን ሁለቱን መንገዶች ግን ሰባት ቤት መቁጠር አይዘጋቸውም።

ዘር ሁሉንም አይገልጽም፤ እርግዝናና ወሊድም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከሁሉ የጠራው ማስረጃ ያለው ሩቤላ በተባለው ተላላፊ በሽታ ላይ ነው። እናት በእርግዝናዋ መጀመሪያ በሩቤላ ከተያዘች ልጁ የልብ፣ የዓይንና የጆሮ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በ1964 ከተነሳው ወረርሽኝ በኋላ ሐኪሟ ስቴላ ቼስ ከተከታተለቻቸው 243 ልጆች መካከል ኦቲዝም ከሚጠበቀው እጅግ በዝቶ ተገኘ። ሁለተኛው ቫልፕሮዌት ነው። ይህ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ፣ በ2013 የወጣው የዴንማርክ ጥናት እንዳመለከተው፣ የኦቲዝም ዕድል ከ1.53 በመቶ ወደ 4.42 በመቶ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መድኃኒቱ ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶች እንዳይታዘዝ መክሯል። የሚጥል በሽታ የያዛት ሴት ግን መድኃኒቷን በራሷ ማቋረጥ የለባትም፤ ያልታከመ መንቀጥቀጥ ለእሷም ለጽንሱም አደገኛ ስለሆነ ሌላ መድኃኒት እንዲቀየርላት ከማርገዟ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር አለባት።

የወሊድ ችግር ለብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ቀዳሚው ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬውም መሠረት አለው። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ ወይም በወሊድ ጊዜ አየር ያጠረው ልጅ የኦቲዝም ዕድሉ ከፍ ይላል። ሆኖም አየር ማጠር በብዛት የሚያመጣው የአካል እንቅስቃሴ ችግርንና የአእምሮ ዕድገት ውስንነትን ነው፤ ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም በደኅና ተወልደዋል። ደግሞም አስቀድሞ ችግር ያለበት ጽንስ ምጡን ራሱ ሊያከብደው ስለሚችል፣ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ከአንድ ቤተሰብ ታሪክ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ስለ ምግብና ስለ አካባቢ የሚነሱት መላምቶች ጥንካሬያቸው ይለያያል። በኖርዌይ 85,176 ልጆችን የተከተለ የ2013 ጥናት ከእርግዝና አስቀድመውና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፎሊክ አሲድ የወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ ኦቲዝም አንሶ እንዳየ ገልጿል። ግንኙነቱ የመድኃኒቱ ይሁን የእናቶቹ የኑሮ ደረጃ ገና አልተቋጨም። በኢትዮጵያ ግን ክርክሩ እስኪቋጭ የሚጠብቅ ነገር የለም፤ ፎሊክ አሲድ ማነስ የሚያስከትለው የሕብለ ሰረሰር ክፍተት በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በብዛት ይታያል፤ እናቶች ክትትል የሚጀምሩት ዘግይተው ስለሆነም ክኒኑ ሲደርሳቸው የጽንሱ ሕብለ ሰረሰር ተሠርቶ አልቋል። ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይ በተመለከተ በ2018 የታተመ የፊንላንድ ጥናት በደማቸው ውስጥ የኬሚካሉ ቅሪት በብዛት በተገኘባቸው እናቶች ልጆች ላይ የኦቲዝም ዕድል በሲሶ ያህል ከፍ ብሎ አግኝቷል። ዲዲቲ በኢትዮጵያ ቆላማ ቦታዎች ለወባ መከላከያ ለአሥርተ ዓመታት ቤት ለቤት ሲረጭ ስለኖረ ጥያቄው ለደምቢያና ለመተማ ሩቅ አይደለም። የመኪና ጭስ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም አሉ፤ ጭስ ማውጫ በሌለው ማድቤት ስለሚነድደው ኩበትና እንጨት ግን ከእነሱ ተነስቶ መደምደም አይቻልም።

በመስከረም 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ከኦቲዝም ጋር አያይዘው እርጉዝ ሴቶች ፓራሲታሞል እንዳይወስዱ ሲያሳስቡ ወሬው በየአገሩ ተዳርሷል። በ2024 የታተመውና 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የስዊድን ልጆችን ያካተተው ጥናት ግን የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር ግንኙነቱ ጠፍቷል። እርጉዝ ሴት ትኩሳት ሲይዛት፣ በተለይ ወባ ባለበት፣ ሳትታከም መቅረቷ ነው ጉዳቱ።

የክትባቱ ክርክር ለብቻው መታየት አለበት፤ ብዙ ልጆችን ያስከፈለ ነውና። እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ 12 ልጆች ጽፎ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያያዘ። ጋዜጠኛው ብራያን ዲር መረጃው የተዛባ መሆኑንና ሐኪሙ ከጠበቆች ገንዘብ ይቀበል እንደነበር አጋለጠ፤ በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘ፣ ዌክፊልድም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በተደጋጋሚ ተፈትሿል። በ2019 ታትሞ የወጣው የዴንማርክ ጥናት 657,461 ልጆችን ተከታትሎ በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል የኦቲዝም ልዩነት አላገኘም። በጃፓን ዮኮሃማ ከተማ ጥምር ክትባቱ በ1993 ከቆመ በኋላም የኦቲዝም ቁጥር መጨመሩን አላቆመም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኅዳር 2025 በዚህ ጉዳይ ላይ ድረ ገጹን ለውጦ ጥርጣሬውን መልሶ አስነስቷል፤ ከለውጡ ጋር የመጣ አዲስ ጥናት ግን አልነበረም።

ከኢትዮጵያ በኩል ደግሞ አንድ ቀላል ሐቅ አለ። በአገሪቱ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም በ1980 ሲጀመርም ሆነ ከዚያ በኋላ ያ የሦስትዮሽ ክትባት በመርሐ ግብሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ኦቲዝም ግን አለ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፤ ከ2019 ጀምሮ በ15 ወር ሁለተኛ ዙር ተጨምሯል። ይህ ዕድሜ አንዳንድ ልጆች ቃላት ማጣት ከሚጀምሩበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መርፌውን የሰጠችበት ሳምንትና ልጁ ዝም ያለበት ሳምንት ሲቀራረቡ እናት ሁለቱን ብታያይዝ አይፈረድባትም፤ መልስ ሊሰጣት የሚገባው ግን ባለሙያ እንጂ ወሬ አይደለም። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖሩ ሶማሌዎች ወሬው ምን እንደሚያደርግ አይተዋል። ፀረ ክትባት ቡድኖች በኦቲዝም ስጋታቸው በኩል ገብተው ስለቀሰቀሷቸው የልጆቻቸው የክትባት ሽፋን በ2004 ከነበረበት 92 በመቶ በ2014 ወደ 42 በመቶ ወረደ፤ በ2017 የኩፍኝ ወረርሽኝ ገባባቸው።

ከጎንደር ጋር በቀጥታ የተያያዘው ጥናት የተሠራው ጎንደር ውስጥ ሳይሆን እስራኤል ውስጥ ነው። ከወለቃ፣ ከአምቦበርና ከስሜን የተነሱት ቤተ እስራኤላውያን በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል ገብተዋል። በ2004 የታተመ አንድ የመዝገብ ጥናት ኢትዮጵያ ተወልደው ከሄዱት ልጆች መካከል ኦቲዝም ያለበት አንድም ልጅ ተመዝግቦ አላገኘም። እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለዱት ልጆች ግን ቁጥራቸው ከሌሎቹ እስራኤላውያን ብዙም አልራቀም። ውጤቱን አይቶ «በደጋው አገር ኦቲዝም የለም፤ የሚያመጣው የሠለጠነ ኑሮ ነው» ማለት ያስመኛል፤ እንዲህ ያሉም አልታጡም።

ውጤቱ ግን ሌላ ንባብ አለው፤ የሚያሳምነውም እሱ ነው። በሱዳን በኩል የተደረገው ጉዞ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በመንገድና በመጠለያ ያለቀበት ነው። የማይናገር፣ የማይታዘዝ፣ በጨለማ ሲጓዙ የሚጮኽ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ለዚያ ጉዞ መነሳታቸውም፣ ልጁ ከዚያ ጉዞ መትረፉም አጠራጣሪ ነው። የደረሱትም ልጆች ቢሆኑ ቋንቋውን በማያውቁት ባለሙያ ፊት ቀርበው ዝምታቸው የስደተኛ ዝምታ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ጥናቱ የቆጠረው ደግሞ መዝገብ የገባውን ብቻ ነው። እዚያው የተወለዱት ልጆች ግን ሕፃናት ጣቢያና መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የባለሙያ ዓይን ሲያያቸው አድገዋል። ዜሮው በአብዛኛው የማየት ጉድለት ነው ለማለት ይህ ይበቃል።

በስቶክሆልም የሚኖሩ ሶማሌዎች ላይ በ2008 የታተመው ጥናት በተቃራኒው ኦቲዝም በልጆቻቸው ላይ ከሌሎች ሦስት አራት እጥፍ እንደሚበልጥ ገልጾ፣ ፀሐይ በሌለበት አገር የእናቶች ቫይታሚን ዲ ማነስ መንስኤ ይሆን የሚል መላምት አስነስቷል። በሚኒሶታዋ ከተማ በሚኒያፖሊስ ተሠርቶ በ2013 በወጣ ቆጠራ ግን በሶማሌና በነጭ ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት፣ ከ32 አንድና ከ36 አንድ፣ ከአጋጣሚ የማያልፍ ሆነ፤ የሶማሌ ልጆቹ ላይ የበዛው ከኦቲዝሙ ጋር አብሮ የሚመጣው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነው።

ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ መጨመሩ ለክርክሩ ነዳጅ ሆኗል። በአሜሪካ በ2000 ከ150 ልጆች አንዱ የነበረው በ2022 ከ31 አንዱ ሆኗል። ከጭማሪው ትልቁ ድርሻ ትርጉሙ ከመስፋቱና የሚያይ ባለሙያ ከመብዛቱ የመጣ ነው፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች መትረፋቸውና የወላጆች ዕድሜ መግፋቱ ጥቂት ይጨምሩበታል። በጎንደርና በአዲስ አበባ ደግሞ ወላጆች አሁን የሚከሱት ስልክን ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የሚውል ሕፃን አፉን ለመፍታት ሊዘገይ ይችላል፤ ከሰው ጋር ሲጫወት ቢውል ይሻለዋል። ኦቲዝም ግን ካነር ሲጽፉት ስልኩ ቀርቶ ቴሌቪዥኑም በየቤቱ አልገባም ነበር።

መንስኤ መፈለግ ለአንድ ልጅ በቀጥታ የሚጠቅምባቸው ቦታዎች አሉ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ከሁሉ በፊት ጆሮው መመርመር አለበት፤ መስማት የተሳነው ልጅ ኦቲዝም ነው ተብሎ ከቀረ የምልክት ቋንቋ የሚማርበት ዕድሜ ያልፈዋል። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌላው ይልቅ ይበዛል፤ የሚታከምም ነው። በሰሜኑ ደጋ እንቅርት ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ክፉኛ ሲጎድል የሚወለደው ልጅ የመስማትና የማሰብ ችሎታው ሊጎዳ ይችላል፤ ይህም ከሩቅ ሲታይ ኦቲዝም ይመስላል። ጨው በአዮዲን እንዲዳብር በ2011 የወጣው ደንብ የተነሳው ከዚህ ጉዳት ነው። የዘረ መል ምርመራ ግን ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የሚደረስበት አይደለም፤ የዓለም የኦቲዝም ዘረ መል መረጃም በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ዘር የተሰበሰበ ስለሆነ፣ ምርመራው ቢደረግ እንኳ ውጤቱን ለመተርጎም የሚነጻጸርበት በቂ መረጃ የለም።

የአገሪቱን የመረጃ ክፍተት ለመሙላት ሰሜን ጎንደር መነሻ አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ውልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ይመዘግባል። በኢትዮጵያ ኦቲዝም በሕዝብ ደረጃ ተቆጥሮ አያውቅም፤ በሆስፒታል የሚታየው ተራራውን ወርዶ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ ኀፍረቱንም አልፎ የደረሰው ልጅ ብቻ ነው። በዳባት ዓይነት መዝገብ ላይ የእርግዝናውን ትኩሳት፣ የምጡን ርዝመት፣ የልጁን ክብደትና የክትባቱን ቀን በሆነበት ጊዜ መጻፍ፣ በ18 ወሩም ልጁ በጣቱ መጠቆም አለመጠቆሙን መጠየቅ ይቻላል። ልጁ ዝም ካለ በኋላ ከእናት ትዝታ የሚለቀመው ታሪክ በጸጸትና በሰው ወሬ የተለወሰ ነው፤ አስቀድሞ የተጻፈው ግን የትኛው ነገር የትኛውን እንደቀደመ ያሳያል።